ስለ ተማሪ ልጅ የሰውነት ብርታት፣ የዕለት ልማድና የአእምሮ ጤና

የሰው ሰውነትና አእምሮ በአንድ ቀንበር እንደ ተጠመዱ ሁለት በሬዎች ናቸው። አንዱ የደከመ እንደ ሆነ ሁለተኛው ብቻውን ማረሻውን ሊስብ አይችልም፤ ትልሙም ይጣመማል። ይህ ነገር ለዐዋቂ ሰው እውነት ከሆነ፤ ገና በማደግ ላይ ላለ ልጅ ይልቁን እውነት ነው። ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ ደብተሩን ብቻ ይዞ አይመጣም፤ የሌሊት እንቅልፉ፣ የጠዋት ረኃቡ፣ የመንገዱ ድካም፣ የቤቱም ኀዘንና ደስታ አብረውት ይመጣሉ፤ ከእርሱም ጋራ በወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት፤ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት በአራተኛ ክፍል የሚማር የ11 ዓመት ልጅ ይታሰብ። ይህ ልጅ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቶ በረት ይጠርጋል፤ ጥጃ ያሥራል፤ ውኃ ይቀዳል። ከዚያም ቁርስ ሳይቀምስ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ተጉዞ ትምህርት ቤት ይደርሳል። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሲጀመር ዓይኑ ይከደናል። መምህሩ በመጀመሪያው ቀን ይቈጣዋል፤ በሁለተኛው ቀን በጥቁር ሰሌዳው ፊት ያቆመዋል፤ በሦስተኛው ቀን ጓደኞቹ «እንቅልፋሙ» የሚል ስም ያወጡለታል። የፈተናው ውጤት በወረደ ጊዜ አባቱ «ለዚህስ ትምህርት አልሆነለትም» ብሎ ከከብት ጥበቃ ያውለዋል። እንዲህ ሆኖ አንድ ተማሪ ከመዝገብ ይፋቃል፤ የተፋቀበትንም ምክንያት የጠየቀ ሰው አይገኝም።

ምክንያቱ ቢጠየቅ ግን ስንፍና የተባለው ነገር ሌላ ሆኖ በተገኘ ነበር። የልጁ ሰውነት ደክሟል፤ የእንቅልፉና የምግቡ ሥርዓት ተዛብቷል፤ ልቡም ኀዘን ተሸክሟል። ታላቅ እኅቱ ባለፈው ክረምት ሞታበታለች፤ ስለ እርስዋም ከቀብር በኋላ አንድ ሰው እንኳ አነጋግሮት አያውቅም። እንዲህ ያለ ልጅ በብዙ ትምህርት ቤት ስለሚገኝ፤ መምህራንና ወላጆች ሦስቱን ነገሮች፤ ማለት የሰውነትን ብርታት፣ የዕለትን ልማድና የአእምሮን ጤና በየተራ ሊያውቋቸው ያስፈልጋል።

1. ስለ ሰውነት ብርታት

የሰውነት ብርታት ማለት ጡንቻን ማግዘፍ ወይም ጓደኛን በትግል መጣል ብቻ አይደለም። ብርቱ ሰውነት የሚባለው የዕለት ሥራውን ሠርቶ፣ መንገዱን ሄዶ፣ ትምህርቱን ተምሮ ሲመለስ ለጨዋታ የሚሆን ኀይል የሚተርፈው ሰውነት ነው።

የዚህ ብርታት ምንጩ ልብና ሳንባ ናቸው። ልብ ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ የሚሠራ ጡንቻ ነው፤ በእያንዳንዱ ምት ደምን ወደ ሰውነት ሁሉ ይገፋል። ደምም ከሳንባ ኦክሲጅን የተባለውን የአየር ክፍል፣ ከአንጀትም የምግብን ፍሬ ተቀብሎ ለጡንቻና ለአንጎል ያደርሳል። የዐዋቂ ሰው አንጎል ክብደቱ ከመላው ሰውነት ከመቶ 2 እጅ ያህል ሲሆን፤ ሰውነት ከሚጠቀምበት ኦክሲጅን ግን ከመቶ 20 እጅ ያህሉን ብቻውን ይወስዳል። በማደግ ላይ ያለ የልጅ አንጎል ከሰውነት ጉልበት የሚወስደው ድርሻ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። እንግዲህ ሰውነቱ የደከመ ወይም ደሙ ያነሰ ልጅ ፊደሉን በዓይኑ ቢያይ እንኳ ነገሩ በልቡ ሳይቀመጥ የሚቀረው ስለ ምን እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

መምህር ይህን ለተማሪዎቹ ያለ ምንም መሣሪያ ሊያሳያቸው ይችላል። እያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ጣቱን በእጁ አንጓ ላይ ከአውራ ጣቱ በኩል አድርጎ የደም ሥሩን ምት ለአንድ ደቂቃ ይቈጥራል። ተቀምጦ ያለ የ10 ዓመት ልጅ ልቡ በደቂቃ ከ70 እስከ 100 ጊዜ ያህል ይመታል። ከዚያም በግቢው ዙሪያ ሮጠው ሲመለሱ ቍጥሩ እጅግ ከፍ ብሎ ይገኛል። ጥቂት ዐርፈው እንደ ገና ሲቈጥሩ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። በየቀኑ የሚሮጥና የሚጫወት ልጅ ከጥቂት ወራት በኋላ ልቡ ከሩጫ ወደ ዕረፍት የሚመለሰው ፈጥኖ ነው፤ ይህም የብርታት ምልክት ነው።

ብርታት የሚገኘው ቀስ በቀስ ነው። ወይፈን ለእርሻ ሲገራ በመጀመሪያው ዕለት ቀኑን ሙሉ አይታረስበትም፤ ጥቂት ተጠምዶ ይፈታል፤ በማግሥቱም እንዲሁ ይደረጋል። ልጅም እንደዚሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ልጆች በአማካይ በየቀኑ ለ60 ደቂቃ ያህል ልብን የሚያስመታና ትንፋሽን የሚያፋጥን እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፤ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ በሳምንት 3 ቀን ጡንቻንና አጥንትን የሚያጠነክር እንዲጨመርበት ይመክራል። ሩጫ፣ ዝላይ፣ ኳስና አቀበት መውጣት ይህን ሁሉ ይፈጽማሉ።

አንድ ሰው «የገጠር ልጅ ከብት ይጠብቃል፤ እንጨት ይለቅማል፤ ውኃ ይቀዳል፤ ሩቅ መንገድ ይሄዳል፤ ለእርሱ ደግሞ ምን እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በእርግጥ የገጠር ልጅ ከከተማ ልጅ ይልቅ ሰውነቱን ያሠራል። ነገር ግን በሥራና በጨዋታ መካከል ታላቅ ልዩነት አለ። ሥራ በትእዛዝ ይሠራል፤ ሸክሙ ለልጁ ዐቅም ተመጥኖ ላይሰጥ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም አንዱን ትከሻና አንዱን የወገብ ክፍል ብቻ ያደክማል። ጨዋታ ግን ሰውነትን ሁሉ ያንቀሳቅሳል፤ ልብን ደስ ያሰኛል፤ ከጓደኛ ጋራ ያስማማል፤ ማሸነፍንና መሸነፍን ያስተምራል። ከዐቅሟ በላይ የሆነ እንስራ በጀርባዋ አዝላ ሁለት ሰዓት የምትጓዝ ልጅ ሰውነቷን አሠርታለች፤ ነገር ግን አልተጫወተችም። ስለዚህ ለገጠር ልጅ የሚያስፈልገው ሌላ ድካም መጨመር ሳይሆን፤ ድካሙን በዕረፍትና በምግብ መደገፍ፤ ለጨዋታም ጊዜ መስጠት ነው።

ለዚህም የአገራችን ታላላቅ ሯጮች ምስክር ናቸው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፤ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፤ በሮማ ከተማ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ጫማ አድርጎ ሮጦ እንደ ገና አሸነፈ፤ የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰውም ሆነ። ደራርቱ ቱሉ በአርሲ በቆጂ አካባቢ አድጋ፤ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና የ10,000 ሜትርን ሩጫ አሸንፋ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዪቱ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። ኀይሌ ገብረ ሥላሴም በአሰላ አካባቢ ተወልዶ በልጅነቱ ከቤቱ ወደ ትምህርት ቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጥ ነበር፤ ወደ ቤቱም ሲመለስ እንደዚያው። ዐዋቂ ሆኖ በሚሮጥበት ጊዜ እንኳ ግራ እጁ ደብተር እንደ ያዘ ሰው ታጥፎ ይታይ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ግን የተሳሳተ ትምህርት እንዳይወሰድ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። መንገዱ ብቻውን ሰውን ብርቱ አያደርግም። ያው የ10 ኪሎ ሜትር መንገድ ጠግቦ ያደረውንና በደንብ የተኛውን ልጅ ያበረታዋል፤ ተርቦ ያደረውንና እንቅልፍ ያጣውን ልጅ ግን ያፈርሰዋል። እንደዚሁም አበበ በባዶ እግሩ ማሸነፉ ጫማ አያስፈልግም ለማለት ማስረጃ አይሆንም፤ ከዚህ በታች እንደሚነገረው በእርጥብ አፈር ላይ በባዶ እግር መሄድ ብዙ ልጆችን ጤና ነሥቷል።

ለትምህርት ቤት ጨዋታ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የገና ጨዋታ በትርና ጥንግ ብቻ ይፈልጋል፤ ሰኞ ማክሰኞ በመሬት ላይ የተሰመረ መስመርና አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይበቃዋል፤ ገመድ ዝላይ፣ አባሮሽ፣ ድብብቆሽና የጨርቅ ኳስም እንዲሁ ናቸው። በጠዋት ሰልፍ ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ለ10 ደቂቃ እጅና እግርን ማፍታታት፤ በረዥሙም ትምህርት መካከል ተማሪዎቹን አስነሥቶ ለሁለትና ለሦስት ደቂቃ ማንቀሳቀስ ልብን ያነቃል። የቀድሞ አባቶችም ይህን ያውቁ ነበር፤ በአቋቋም ትምህርት ቤት ተማሪ ዜማውን የሚማረው ተቀምጦ ብቻ ሳይሆን ቆሞ፣ መቋሚያ ይዞ፣ እንደ ዜማው አካሄድ ሰውነቱን እያንቀሳቀሰ ነው፤ እንዲህ የተማረውንም ቶሎ አይረሳውም።

በጨዋታ ጊዜ ሴቶች ልጆች ዳር ቆመው ተመልካች እንዳይሆኑ፤ እግሩ ወይም ዓይኑ የተጎዳም ልጅ ብቻውን እንዳይቀር መምህሩ ሊጠነቀቅ ይገባል። መሮጥ የማይችል ልጅ ጥንግ ሊወረውር፣ ነጥብ ሊቈጥር፣ ሊዳኝም ይችላል። ከጨዋታ የተለየ ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው በልቡ ነው።

2. ስለ ዕለት ልማድ

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባል፤ ጤና የሚገነባው በአንድ ቀን ታላቅ ሥራ ሳይሆን በየቀኑ በሚደረግ ትንሽ ነገር ነው። ከእነዚህም ትንንሽ ነገሮች ዋነኞቹ እንቅልፍ፣ ምግብና ንጽሕና ናቸው።

ስለ እንቅልፍ። ልጅ በሚተኛበት ጊዜ አንጎሉ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። ቀን የሰማውንና ያየውን እየለየ የሚጠቅመውን ያጸናል፤ ሰውነቱም የሚያድግበትን ንጥረ ነገር በብዛት የሚያመነጨው በከባድ እንቅልፍ ጊዜ ነው። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠና ያደረ ተማሪ ብዙ ያወቀ ይመስለዋል እንጂ፤ ያጠናው በልቡ አይጸናለትም። ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ዓመት የሆኑ ልጆች በየሌሊቱ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፤ ከ13 እስከ 18 የሆኑት ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት እንደሚያስፈልጋቸው ሐኪሞች ይመክራሉ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኝቶ ከንጋቱ 12 ሰዓት የሚነሣ ልጅ 10 ሰዓት ተኛ ማለት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኝቶ ከሌሊቱ 10 ሰዓት የሚነሣ ግን የተኛው 6 ሰዓት ብቻ ነው። በምሳሌው የተነገረው ልጅ በክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋው ሰውነቱ ያልተከፈለውን ዕዳ ሲጠይቅ ነው።

በአሁኑ ዘመን ስልክ ወደ ገጠርም ገብቷል። ስልክ ለብዙ ነገር ይጠቅማል፤ ነገር ግን ሌሊት በልጅ እጅ ሲገኝ እንቅልፍን ይሰርቃል፤ ብርሃኑም አንጎልን ገና ቀን እንደ ሆነ አስመስሎ ያታልለዋል። ስለዚህ ከመተኛት አንድ ሰዓት በፊት ስልክን ከልጅ ማራቅ መልካም ነው።

ስለ ምግብ። ቁርስ ያልበላ ልጅ ከሌሊቱ ጀምሮ የቆየውን የሰውነቱን ስንቅ በመንገድ ይጨርሳል፤ ትምህርት ሲጀመርም ልቡናው የሚያስበው ስለ ሆዱ ነው። ቁርስ የግድ ድግስ መሆን የለበትም፤ ከማታ የተረፈ እንጀራ በሽሮ፣ አንድ ቁራሽ ዳቦ፣ በኪስ የተያዘ የሽንብራ ቆሎ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ቢገኝም ወተት ይበቃል። ጥራጥሬና እህል አብረው ሲበሉ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላዋል፤ ስለዚህ እንጀራ በምስር ወጥ ወይም በሽሮ ለሚያድግ ልጅ እጅግ የሚስማማ ምግብ ነው። ጎመን፣ ካሮትና ዱባ ለዓይን ይበጃሉ፤ እንቁላልና ወተትም ሰውነትን ይገነባሉ። በጾም ወራት እንኳ ጥራጥሬው፣ ጎመኑ፣ ተልባውና ሱፉ ስላሉ፤ የሚያውቅ እናት ልጇን ደካማ አታደርገውም። ጨውም አዮዲን ያለበት እንዲሆን ያስፈልጋል፤ አዮዲን የጎደለበት ሰው አንገቱ ላይ እንቅርት ይወጣበታል፤ በእርግዝና ጊዜ እናት አዮዲን ካጣች ደግሞ የሕፃኑ አንጎል እድገት ይጎዳል።

ስለ ንጽሕና። ልጅን የሚያደክሙ ብዙ በሽታዎች በዓይን የማይታዩ ሌቦች ናቸው። የመንጠቆ ትል የተባለው በእርጥብ አፈር ውስጥ ሆኖ በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባል፤ ከዚያም በአንጀት ተጣብቆ ደም ይመጣል። ደሙ ያነሰበት ልጅ ፊቱ ይነጣል፤ አቀበት ሲወጣ ይተነፍስበታል፤ በክፍልም ይፈዝዛል። ወስፋትም ባልታጠበ እጅና ምግብ በአፍ ይገባል። የዓይን ማዝ ከቆሸሸ ፊት ወደ ሌላ ፊት በዝንብ፣ በእጅና በጨርቅ ይተላለፋል፤ እየደጋገመም ሲይዝ ዓይንን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ለነዚህ ሁሉ መከላከያው ቀላል ነው፤ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ጫማ ማድረግ፣ ከምግብ በፊትና ከመጸዳጃ በኋላ እጅን በሳሙና ወይም በዐመድ መታጠብ፣ ፊትን በየጠዋቱ መታጠብ፣ በትምህርት ቤት የሚታደለውንም የትል መድኃኒት ሳይሸሹ መውሰድ ነው። ሰሌዳውን ለማንበብ ዓይኑን የሚያጠብ፣ ሲጠሩትም ቶሎ የማይሰማ ልጅ «ደንቆሮ» ከመባሉ በፊት ዓይኑና ጆሮው ሊመረመሩ ይገባል።

ስለ ሱስ። በአንዳንድ ስፍራ ተማሪዎች ለጥናት ይረዳል ሲሉ ጫት ይቅማሉ፤ በበዓልም ቀን ዐረቄ የሚቀምሱ ልጆች አሉ። ጫት ለጊዜው እንቅልፍን ያባርራል፤ ነገር ግን ያባረረውን እንቅልፍ መልሶ አይተካውም፤ የምግብንም ፍላጎት ይዘጋል፤ በኋላም ድብርትና ብስጭት ያመጣል። መጠጥ ደግሞ ገና በማደግ ላይ ያለውን አንጎል ይጎዳል። ልጅ በዚህ ነገር የሚገባው ብዙ ጊዜ ታላላቆቹን አይቶ ስለ ሆነ፤ ምክር ከመስጠት በፊት ምሳሌ መሆን ይሻላል።

3. ስለ አእምሮ ጤና

ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ ልብ እያለቀሰ ጥርስ ሊስቅ ይችላልና። የአእምሮ ጤና ማለት ኀዘንና ፍርሀት ፈጽሞ አለመኖር አይደለም፤ ሰው ኀዘኑንና ፍርሀቱን ችሎ ሥራውን ሲሠራ፣ ከሰው ጋራ ሲኖር፣ ነገንም ተስፋ ሲያደርግ አእምሮው ጤነኛ ነው ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በዓለም ላይ ከ10 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ከሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ሕመም አለበት፤ የአእምሮ ሕመምም ግማሽ ያህሉ የሚጀምረው ከ18 ዓመት ዕድሜ በፊት ነው። ይህ ቍጥር በየአገሩ ልዩነት ቢኖረውም፤ 42 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ውስጥ ስድስት ያህሉ በዝምታ የሚሠቃዩ ሊሆኑ እንደሚችሉ ያሳስባል።

የልጅ አእምሮ የሚታወክበት ምክንያት ብዙ ነው። የወላጅ ወይም የወንድም ሞት፣ የባልና የሚስት ጠብ፣ ድህነትና ረኃብ፣ ጦርነትንና ስደትን ማየት፣ የማያቋርጥ ድብደባ፣ የጓደኞች ፌዝና ማግለል ይገኙበታል። አንዳንዱም ያለ ግልጽ ምክንያት ወይም በዘር በሚወርድ ጠባይ ይመጣል። ለሴት ልጅ ደግሞ ሳትጠየቅ ልትዳር እንደ ታሰበች መስማት ከባድ ጭንቀት ነው፤ ሕጉ ከ18 ዓመት በፊት ጋብቻን ቢከለክልም፤ ወሬው ራሱ ትምህርቷን ይነጥቃታል። የወር አበባ ሲጀምራትም የሚያስረዳት ሰው ካጣች፤ የተፈጥሮ ነገር ነውር መስሏት ከትምህርት ትቀራለች።

ልጅ «አእምሮዬ ታመመ» ብሎ አይናገርም፤ የሚናገረው በአኳኋኑ ነው። ስለዚህ እነዚህ ምልክቶች ሊስተዋሉ ይገባል። ቀድሞ የሚጫወት የነበረው ልጅ ብቻውን መቀመጥ ይጀምራል። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ያጣል፤ ወይም ያለ ልክ ይተኛል። ሐኪም መርምሮ ምክንያት የማያገኝለት የራስና የሆድ ሕመም በየጊዜው ይመላለስበታል። በትንሽ ነገር ይቈጣል፤ ያለቅሳል፤ ይደነግጣል። አልጋው ላይ መሽናት ትቶ የነበረው እንደ ገና ይጀምራል። የትምህርቱ ውጤት በድንገት ይወርዳል። ከእነዚህ አንዱ ለአንድና ለሁለት ቀን ቢታይ የሚያስፈራ አይደለም፤ ነገር ግን ሁለትና ሦስቱ ተባብረው ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆዩ ልጁ ርዳታ ይፈልጋል።

በዚህ ጊዜ ሊደረጉ የማይገቡ ነገሮች አሉ። ልጁን ሰነፍ፣ እብድ፣ ርጉም ማለት፤ በጓደኞቹ ፊት ማሳፈር፤ በዱላ ማስተካከል እችላለሁ ብሎ መነሣት ሕመሙን ያብሳል። ድብደባ ፍርሀትን ይወልዳል፤ የፈራ አንጎልም ስለ ማምለጥ ያስባል እንጂ ስለ ሒሳብ አያስብም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በ36ኛው አንቀጽ ልጅ በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳለው ደንግጓል።

ሊደረግ የሚገባው ግን ይህ ነው። መጀመሪያ መስማት። መምህሩ ልጁን ለብቻው ጠርቶ፤ በጸጥታ ስፍራ ተቀምጦ፤ «ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ዝም ብለሃል፤ ምን አገኘህ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ ልጁ እስኪናገርም ይታገሣል። በመጀመሪያው ቀን ባይናገር በሌላ ቀን ይናገራል። ሁለተኛ፤ የሰማውን ለሰው መሳቂያ አለማድረግ፤ ለልጁ ደኅንነት ለሚያስፈልገው ሰው ብቻ መንገር። ሦስተኛ፤ ልጁን ወደ ጨዋታና ወደ ጓደኛ መመለስ፤ ሩጫና ጨዋታ ጭንቀትንና ድብርትን እንደሚያቃልሉ፣ እንቅልፍንም እንደሚያመጡ በብዙ አገር በተደረገ ምርመራ ተረጋግጧል። አራተኛ፤ ነገሩ ከመምህሩ ዐቅም በላይ ከሆነ በቀበሌው ወዳለው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ወደ ጤና ጣቢያም መላክ።

ብዙ ወላጆች የልጃቸውን የአእምሮ ሕመም ነውር አድርገው ይደብቁታል። ነገር ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ጸሎትና ጸበል ለልብ ኀይል ይሰጣሉ፤ ሐኪም ቤት መሄድ ግን ከሃይማኖት ጋራ የሚጣላ ነገር አይደለም፤ እግሩ የተሰበረ ሰው እየጸለየ እግሩን ያሳስራልና። በተለይም አንድ ልጅ «መሞት ይሻለኛል» ብሎ ሲናገር ቢሰማ፤ ቀልድ ነው ወይም ቍጣ ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም። ብቻውን ሳይተዉት፣ ሳይቈጡትም፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሊያደርሱት ያስፈልጋል።

4. ስለ መምህርና ስለ ወላጅ ድርሻ

ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ የሚፈጸመው መምህርና ወላጅ ሲተባበሩ ነው። በምሳሌው ወደ ተነገረው ልጅ ስንመለስ፤ ነገሩ በሌላ መንገድ ሊሄድ ይችል እንደ ነበረ ይታያል። መምህሩ ልጁን በሰሌዳው ፊት ከማቆም ይልቅ «ስንት ሰዓት ተነሣህ? ምን በላህ?» ብሎ ቢጠይቀው፤ የበረቱን ሥራና የባዶ ሆዱን ነገር ይሰማ ነበር። በሰንበት ወይም በገበያ ቀን አባቱን አግኝቶ ቢያነጋግረው፤ የጠዋቱ ሥራ ከፊሉ ወደ ማታ ሊዞር፣ ከፊሉም ለሌላው የቤት ሰው ሊከፋፈል ይችል ነበር። እናቱም አንድ እፍኝ ቆሎ በኪሱ ብትጨምርለት ወጪው ለቤቱ አይከብድም። ስለ እኅቱም ሞት አንድ ሰው በፍቅር ቢያነጋግረው፤ ያ ተቋጥሮ የነበረ ዕንባ መውጫ ያገኝ ነበር። በአንድ ሳምንት የሚለወጥ ነገር አይደለም፤ ምናልባት ልጁ ከክፍሉ አንደኛ አይወጣም ይሆናል። ነገር ግን በወንበሩ ላይ ይቀራል፤ ከመዝገብም አይፋቅም።

ወላጅ ድሀ ስለ ሆነ የልጁን ጉልበት መፈለጉ የሚያስነቅፈው አይደለም። የልጅ ሥራም ራሱ ክፉ አይደለም፤ በልክ ሲሆን ትጋትንና ኀላፊነትን ያስተምራል። ልኩ ግን ይህ ነው፤ እንቅልፉን የማይወስድ፣ ከትምህርት የማያስቀር፣ ለሰውነቱ የማይከብድ ሥራ ለልጅ የተገባ ነው፤ ከዚህ ያለፈው ዛሬ ለአንድ ማሳ የሚጠቅም ቢመስልም፤ የነገውን ሰው ይበላዋል።

በየቀኑ የሚጠበቁ ነገሮች

እነዚህ ቃላት በክፍል ግድግዳ ተለጥፈው በተማሪዎች ቢነበቡ መልካም ነው።

1. ተማሪ በጊዜ ይተኛል፤ በጊዜም ይነሣል።
2. ተማሪ ፊቱንና እጁን ይታጠባል፤ ጫማውን ያደርጋል።
3. ተማሪ ጥቂትም ቢሆን ቁርስ በልቶ ይመጣል፤ ያለውም ለሌለው ያካፍላል።
4. ተማሪ በየቀኑ ይሮጣል፤ ይጫወታል፤ ጓደኛውንም ከጨዋታ አይለይም።
5. ተማሪ በጓደኛው ድክመት አያፌዝም፤ ክፉ ስምም አያወጣበትም።
6. ተማሪ ጫትና መጠጥ አይቀምስም።
7. ተማሪ ልቡ ሲከብደው ለሚያምነው ታላቅ ሰው ይናገራል።
8. ጓደኛው ዝም ያለበት ተማሪ አጠገቡ ይቀመጣል፤ ለመምህሩም ያስታውቃል።